ማርሊስ የማታድርበት ፎቅ

የምኖርበትን ቤት «የወንድሜ ቤት» ስል ወንድሜ ይቆጣል። «የእኔ አይደለም ዋንዳ፤ የጡረታ ሒሳቤ ነው» ይላል። እኔም እያወቅሁ እደግመዋለሁ፤ ሲቆጣ ጆሮዎቹ ስለሚቀሉ ደስ ይለኛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እዚሁ ኢሪ ከተማ ውስጥ፣ ላይና ታች ሁለት ቤት ባለው በዚያ አሮጌ የእንጨት ሕንፃ ታችኛው ነው። ኪራይ በየወሩ እከፍላለሁ፤ የምከፍለው ግን ለወንድሜ ለካዝ አይደለም። ሳውዝ ዳኮታ ለሚገኝ፣ አንዳችንም አይተነው ለማናውቅ ድርጅት ነው የምልከው። ድርጅቱ የካዝን የጡረታ ሒሳብ ይጠብቃል፤ ሒሳቡ ቤቱን ይጠብቃል፤ ካዝ ደግሞ ሁለቱን ሲጠብቅ አረጀ።

ነገሩ የተጀመረው በዶሮ ነው። ካዝ ዕድሜውን ሙሉ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ለጡረታ ያጠራቀመው ገንዘብ በአክሲዮን ተቀምጦ ሳለ አንድ ክፉ ዓመት መጣና ግማሹ በነነ። እሱም «ከእንግዲህ በወረቀት አላምንም» ብሎ ማለ። ያን ሰሞን ነው አንድ ባለከረባት ሰውዬ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተጠበሰ ዶሮ እየጋበዘ፣ በጡረታ ገንዘብ ቤት መግዛት እንደሚቻል ሲያስረዳ የሰማው። «ራስህ የምትመራው የጡረታ ሒሳብ» ነው ስሙ። ካዝ ሲመራው ግን አይቼ አላውቅም። ሒሳቡ ነው ካዝን ሲነዳው የኖረው።

ሕጉ እንዲህ ነው። ቤቱ የሒሳቡ እንጂ የካዝ ስላልሆነ ካዝ ሊኖርበት አይችልም፣ ሊያድርበት አይችልም፣ ምስማር እንኳ ሊመታበት አይችልም። ጣሪያው ቢያፈስ ሒሳቡ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ካዝ በገዛ እጁ ቢጠግን ጥፋት ነው። ሚስቱም፣ ልጁም፣ የልጅ ልጁም በቤቱ መጠቀም አይፈቀድላቸውም። አንዳቸው ከተጠቀሙ ሒሳቡ በሙሉ እንደፈረሰ ይቆጠራል፣ መንግሥትም ሲጠራቀም የኖረውን ግብር በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ካዝ ያንን የሚከፍልበት ከቤቱ ሌላ ምንም የለውም፤ መሸጥ ነው። እኅት ግን ብትከራይ ችግር የለም። በዚያ ሕግ እኅትና ወንድም ዘመድ አይደሉም። ካንድ ማሕፀን የወጣነው እኔና ካዝ ባዳ ነን ማለት ነው። መጀመሪያ ሲነግረኝ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት።

«እንግዲያው ዘመድ ካልሆንኩ የገና ስጦታ አትጠብቅ» አልኩት።

«ኪራይሽን በቀኑ ላኪ እንጂ ስጦታሽ ይቅርብኝ።»

ትልቁ ትርኢት ቧንቧ ሲበላሽ ነበር። ሒሳቡ የሚቀጥረው ኮልተን የሚባል ጎረምሳ አለ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ የማይቆም፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ። ካዝ ሁለት እጁን ካፖርት ኪሱ ውስጥ ወትፎ በሩ ላይ ይቆምና ያየዋል። እጆቹን የሚደብቀው አላስችል ብሏቸው እንዳያሳስቱት ነው።

«ወደ ግራ ነው የሚፈታው» ይላል ካዝ።

«አውቃለሁ ሚስተር ካዝ።»

«ካወቅህ ለምን ወደ ቀኝ ታዞረዋለህ?»

«እንግዲያው እርስዎ ይምጡና ይፍቱት!»

ካዝ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ልጁ ሲሄድ ወደ ወጥ ቤቴ ይመጣና ቢራውን ከፍቶ «ይኼ ልጅ እንኳን ቧንቧ የጫማውን ክር አያጠብቅም» እያለ እስኪመሽ ያማዋል። እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ገና የሚሳቅበት ነገር ነበር።

ሳቁ የቆመው የካዝ ሚስት በርኒስ አእምሮዋ ሲከዳት ነው። መጀመሪያ ማንቆርቆሪያውን የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። ቀጥሎ በሌሊት ልብስ በረዶ ላይ ወጣች፤ ጎረቤት ነው ያገኛት። ካዝ መነኮሳት የሚያስተዳድሩት መጦሪያ አስገባት። እዚያ ፀጉሯን ያበጥሩላታል፣ በስሟ ይጠሯታል፣ አንሶላዋ ሸቶ አያውቅም። ዋጋው ግን አይቀመስም። ካዝ የሚኖሩበትን ቤት ሸጠና ከፈለ፤ ራሱ ለጡረተኞች ብቻ በሚከራይ ሕንፃ ውስጥ አንዲት ክፍል ያዘ፤ እዚያ ደግሞ ልጅ ያለው ሰው ሁለት ቀን እንኳ ማሳደር ክልክል ነው። የቤቱ ዋጋ ሲያልቅ የበርኒስን አልጋ የሚከፍለው ይኸው ሒሳብ ሆነ። ሒሳቡ ከፈረሰ በርኒስ የምትሄደው መንግሥት ወደሚያስተዳድረው ቦታ ነው። ካዝ አንድ ጓደኛውን ሊጠይቅ እዚያ ሄዶ ያውቃል፤ የዚያን ዕለት እራት አልበላም።

ማርሊስ የመጣችው በዚህ መሐል ነው።

ማርሊስ የካዝና የበርኒስ አንድ ልጅ ናት። ኦሃዮ ውስጥ ዴል ከሚባል ሰው ጋር ትኖር ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ማርሊስ ልጇን ቴሳን ይዛ ቆማለች። አንድ የእጅ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል። «በር ነው የመታኝ» አለች ሳልጠይቃት። በር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቃለች። ቴሳ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ከወገቧ በላይ እስክትሸፈን ድረስ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አቅፋለች።

ማርሊስ ገና ሳትቀመጥ «አክስቴ፣ ላይኛው ባዶ ነው አይደል? መጋረጃ የለውም» አለችኝ።

ባዶ ነበር። ተከራዮቹ ያን ሰሞን ለቀው ነበር። ካዝን ደወልኩለት፤ መጣ፣ ልጁን አቀፋት፣ ሳይለቃት ብዙ ቆየ። ቴሳም በሰፈራችን ወግ አያት እንደሚጠራው «ጃጃ» ብላ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ተቀመጥንና ማርሊስ ነገሩን አነሣችው።

«አባዬ፣ በነፃ አላልኩም። ሥራ እስካገኝ ብቻ ታገሠኝ፣ ኪራዩን እከፍላለሁ።»

«የኪራይ ጉዳይ አይደለም።»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

«ልጄ ስለሆንሽ ነው።»

ማርሊስ ወደ እኔ ዞረች። «ምን እያለ ነው አክስቴ?»

ካዝ አስረዳት። ሲያስረዳ ጠረጴዛውን ነው የሚያየው። ማርሊስ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ቆይ፤ አክስቴ መኖር ትችላለች?»

«ትችላለች።»

«እኔ ግን አልችልም።»

«አንቺም፣ ቴሳም።»

«ዴልስ? ዴል ነገ መጥቶ ላይኛውን ልከራይ ቢል?»

ካዝ አሰበ። የጠየቁትን ነገር ሳያስብ የሚመልስ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ምናለ ባላሰበ። «ስላልተጋባችሁ…» አለ፣ «አዎ። እሱ ይችላል።»

ማርሊስ ሳቀች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳቋን አውቀዋለሁ፤ ያ ግን የእሷ ሳቅ አልነበረም።

ያኑ ዕለት ሳይመሽ ካዝ ወጥ ቤቴ ተቀምጦ ሳውዝ ዳኮታ ደወለ። እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያነሣችው ሴት ድምፀ ለስላሳ ነበረች።

«ልጅ አይፈቀድም ጌታዬ።»

«ለአንድ ወር ብቻ ቢሆንስ?»

«ለአንድ ሌሊትም ቢሆን።»

«የሚመታት ሰው አለ» አላት ካዝ። ይህንን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«በጣም አዝናለሁ። እኛ ምክር መስጠት አንችልም ጌታዬ። ግን ከጠየቁኝ፣ አይፈቀድም ነው የምልዎት።»

«ታች፣ ከእኅቴ ጋር ቢያድሩስ?»

«ያንን ባይጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

ካዝ አመስግኖ ዘጋው። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። «ሰማሃት? አትጠይቀኝ ነው የምትልህ! ሴትዮዋ ራሷ እኮ መንገዱን አሳየችህ!»

«አይፈቀድም ነው ያለችው።»

«ይኼ ቤቴ ነው ካዝ። ኪራይ እከፍላለሁ። ማንን እንደማሳድር አንተ አትነግረኝም።»

«በርኒስን የት ልውሰዳት?» አለኝ።

አልጮኸም። ሒሳቡ ገንዘብ አልነበረም ለእሱ፤ የበርኒስ አልጋ ነበር፣ የበርኒስ የተበጠረ ፀጉር። በአንድ እጁ ሚስቱን፣ በአንድ እጁ ልጁን ይዟል፣ አንዷን ልቀቅ ብለውታል። እኔ ለመሳደብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማርሊስም ከሳሎኑ ሰምታ ኖሮ ብቅ አለች።

«ተይው አክስቴ። እማዬን በእኔ ምክንያት ከዚያ አላስወጣትም።»

በዚሁ ተስማማን። መስማማት ከተባለ ማለቴ ነው። ካዝ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ያለ አንድ ሞቴል ውስጥ ክፍል ያዘላቸው፤ ከራሱ ኪስ፣ ከምሳው እየቀነሰ። ቀን ቀን እኔ ጋ ይመጣሉ፤ ይበላሉ፣ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ማርሊስ ሥራ ፍለጋ ትወጣለች፣ ሲመሽ ይሄዳሉ። የሴቶች መጠለያው ሞልቷል፤ ስማችሁን መዝግቡና ጠብቁ ብለዋቸዋል። ሌላ ቤት እንዳትከራይ የደመወዝ ማስረጃ አምጪ ይሏታል፤ ሥራ ስትጠይቅ አድራሻሽ የት ነው ይሏታል። ካዝ መታጠባቸው ራሱ ከሕጉ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ሊጠይቅ ስልኩን አንሥቶ ነበር። ከእጁ ቀማሁት።

አንድ ቀን ቴሳ ቴሌቪዥን እያየች ሶፋዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሊመሽ ነው፣ ውጭ በረዶው ይከመራል። አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች፤ ልጅ እንዲያ ሲተኛ የሚቀሰቅስ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር። ካዝ አጠገቧ ሄዶ ተንበረከከና ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጋት።

«ቴሲ፣ ተነሺ ፍቅሬ። እዚህ አይተኛም።»

«ለምን ጃጃ?»

«ተቀመጪ እንጂ አትተኚ።»

ልጅቷ ዓይኗን እያሸች ተነሥታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ማርሊስ ካፖርቷን ስታለብሳት አንዳችንንም ቀና ብላ አላየችም። ያን ቀን ወንድሜን ጠላሁት። ፊት ለፊት ነገርኩት፤ «ጠላሁህ» አልኩት። «እኔም ራሴን» አለኝና የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ሊያደርሳቸው ወጣ።

ገና አለፈ። ፒዬሮጊውን፣ ድንች የተሞላውን የሊጥ ቅቅል፣ እንደ ወጉ ሠራሁ፣ ቋሊማውንም፤ ሦስቱም በልተው ሲመሽ ሄዱ። ጥር ሲገባ ብርዱ ለጉድ ሆነ። ካዝ ተከራይ እስኪገኝ የላይኛው ቤት ውሃ ከነጭራሹ እንዲወጣ ለኮልተን ነግሮት ነበር፤ ባዶ ቤት ውስጥ የቆመ ውሃ በረዶ ሆኖ ቧንቧ እንደሚፈነዳ ለማወቅ እኮ የቧንቧ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። ኮልተን ማሞቂያውን አጥፍቶ «ጨርሻለሁ» ብሎ ሄደ። ውሃውን ረሳው። ካዝ ገብቶ ቢፈትሽ በአንድ ደቂቃ ያየው ነበር፤ ግን ቤቱን መንካት አይችልም፣ ለመፈተሽ ከገባ እጁ አርፎ እንደማይቀመጥም ያውቃል። ስለዚህ አልገባም።

ቅዳሜ ነው፣ ከምሳ በፊት። ጎመን እየቀቀልኩ ሳለ ጠብታ አንገቴ ላይ አረፈ። ቀና ስል ኮርኒሱ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቷል። ወደ በሩ ሸሽቼ ገና ሳልጨርስ ተዘረገፈ፤ ምድጃዬ፣ ጎመኔ፣ ጠረጴዛዬ፣ ሁሉ ውሃና ኖራ ሆነ። ለካዝ ደወልኩ። ካዝ ለኮልተን ደወለ፤ አያነሣም። ሌላ የቧንቧ ጥገና ድርጅት ጋ ደወለ፤ ከሰኞ በፊት አንመጣም አሉት። ራሱ መጣና እንደ ልማዱ እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምድር ቤት ውረጂና ዋናውን መዝጊያ ዝጊው!» አለኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ውሃ በሚወርድበት ደረጃ ወረድኩ። መዝጊያው ዝጓል። በሁለት እጄ ይዤ ታገልኩት።

«አልዞር አለኝ!»

«ወደ ቀኝ፣ ዋንዳ! ወደ ቀኝ!»

«ወደ ቀኝ ነው እኮ! የዛገ ነገር በምክር አይዞርም!»

ውሃው ላዬ ላይ መውረዱን አላቆመም። የደረጃው አናት ላይ ካዝን አየዋለሁ፤ ካፖርቱ ውስጥ ያሉት እጆቹ ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ አወጣቸው። ወረደ፣ በትከሻው ገፋ አደረገኝ፣ መዝጊያውን ያዘና ባንድ ትንፋሽ ዘጋው። ወደ መኪናው ሄዶ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይዞት የሚዞረውን የመሣሪያ ከረጢት አመጣና ፎቁን ወጣ።

እኔም ባልዲ ይዤ ተከተልኩት። በመታጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ካዝ እርጥቡ ወለል ላይ ተንበርክኮ የተሰነጠቀውን ቆረጠ፣ አዲስ ገጠመ፣ አጠበቀ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው እንደ ወጣት ይገለባበጣል። በአፍንጫው የድሮ የሠርግ ዘፈን ያንጎራጉራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድሜን ደስ ብሎት አየሁት፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ሕጉም ትዝ አላለኝ። እሱም ትዝ ያለው አይመስለኝም። መሥራት ብቻ ነበር።

ማርሊስና ቴሳ ለምሳ መጥተው ድምፃችንን ተከትለው ወጡ። ማርሊስ የላይኛውን ቤት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። በሁለቱ መኝታ ክፍሎች በር ላይ ቀስ ብላ አለፈች፤ በአንደኛው ግድግዳ ላይ የቀድሞ ተከራዮች ለልጃቸው የለጠፉት ባለ አበባ ወረቀት አለ። በመስኮቱ የበረዶው ብርሃን ይገባል፤ ቤቱ ሰፊ ነው። ከዚያ መታጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ደርሳ አባቷን ተንበርክኮ አየችው።

«ጃጃ፣ እዚህ መግባት ይቻላል እንዴ?» አለች ቴሳ።

የካዝ ዘፈን ቆመ። መፍቻውን እንደያዘ ዞረ።

«ለቧንቧው ሲሆን ቻልክ» አለችው ማርሊስ።

«ማርሊስ… ውሃው እኮ… የአክስትሽ ቤት ሊፈርስ ነበር።»

«አውቃለሁ አባዬ። ውሃ አይጠብቅም።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «እኔ ነኝ መጠበቅ የምችለው።»

ማርሊስ የልጇን እጅ ይዛ ደረጃውን ወረደች፤ ለምሳ አልቆዩም። ካዝ የቀረውን ብሎን አጠበቀ። ካጠበቀ በኋላም ከተንበረከከበት አልተነሣም።

እሑድ ሲደውልላቸው አላነሡም። አንሄድም ወይ ስለው «ፊቷን ማየት አፈርኩ» አለኝ። ሰኞ ጧት ግብሩን ለሚሠራለት ለጌርሃርት ደወለና ሁሉን ተናዘዘ፤ ቧንቧውን፣ መዝጊያውን፣ ሁሉን። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«ማን አየህ?» አለው ጌርሃርት።

«እኅቴና ልጄ።»

«ከእነሱ ሌላ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁም። ካዝ፣ ስማኝ፤ በሥራ ዘመኔ ማን ቧንቧ እንዳጠበቀ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያይ ሰው አልገጠመኝም። አርፈህ ተቀመጥ።»

ካዝ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። «ልጄ ብታድር ኖሮስ? ማን ያይ ነበር?»

«ለምን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ትጠይቀኛለህ?» አለው ጌርሃርት።

ካዝ ስልኩን ዘግቶ ተነሣ። «አንሶላ አለሽ?» አለኝ። «ለሁለት አልጋ የሚሆን? ላይኛውን ልሰጣት ነው። ከፈረሰም ይፍረስ።» አንሶላና ብርድ ልብሱን ሰብስቤ ጭኔ ላይ አድርጌ መኪናው ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የሚላትን ይለማመዳል፤ «ሕጉ ገደል ይግባ እላታለሁ» ይለኛል፣ ደጋግሞም ይለዋል። እኔም «በል፣ እንዲያ በላት» እለዋለሁ።

የሞቴሉ ክፍል በር ክፍት ነበር። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ፍራሹን ታራግፋለች።

«እናትና ልጅ? ትናንት ሰውዬው መጥቶ ወሰዳቸው» አለችን። «ደግ ሰው ነው፤ ሻንጣውን ሁሉ እሱ ነው የተሸከመላቸው።»

ካዝ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ደወለ። ያን ጊዜ አነሣች።

«ደህና ነን አባዬ። ዴል ተለውጧል። ቴሳም ወደ ትምህርት ቤቷ ተመልሳለች።» ተጽፎ የተሰጣትን የምታነብ ነው የምትመስለው።

«ላይኛውን ልስጥሽ ማርሊስ። ዛሬውኑ። መጥቼ ልውሰዳችሁ።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉ ገደል ይግባ!»

እንዲያ ተለማምዶ ተለማምዶ በትክክል አለው። ከወዲያ የማርሊስ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ ከኋላዋ ደግሞ የወንድ ድምፅ፣ ማነው እያለ የሚጠይቅ።

«ኅዳር ላይ ብትለኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ለውጣ፣ ለሚሰማት ሰው እንዲሆን፣ «እማዬን ሳምልኝ» ብላ ዘጋችው።

ኦሃዮ ድረስ ነድተን ሄድን። ዴል በሩን ራሱ ከፈተ፣ ፈገግ ብሎ ቡና ልጋብዛችሁ አለ፤ ማርሊስ ከኋላው ቆማ «ደህና ነኝ አልኳችሁ እኮ» አለችን። ፖሊስ ጠራን፤ መጣ፣ ጠየቃት፣ ደህና ነኝ አለችው፣ ሄደ። የካቲት ላይ ስልኳ መሥራት አቆመ። ካዝ ተመልሶ ሲሄድ ቤቱ ባዶ ነው፣ ጎረቤቶቹ ወደ ደቡብ ሳይሄዱ አልቀሩም ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም። ቴክሳስ ይሁን ፍሎሪዳ እስከዛሬ አናውቅም። ፖሊስ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት በፈቃዷ ከሄደች ምን እናደርጋለን ይላል።

ስለ ቧንቧው የጠየቀን የለም። ከመንግሥት የመጣ ሰው የለም፣ ከሳውዝ ዳኮታም የደወለ የለም። ሒሳቡ ደህና ነው። በርኒስ አልጋዋ ላይ ናት፣ ፀጉሯ ተበጥሯል፣ ካዝ በየቀኑ ይሄድና እጇን ይዞ ይቀመጣል፤ ልጅ እንዳላት ግን ከረሳች ቆይቷል። አንዳንዴ ይህ ከእግዚአብሔር የተሰጣት ምሕረት ነው እላለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ በዚህች ሴት አልጋ ምክንያት እያልኩ ክፉ ነገር አስባለሁ፣ አስቤም አለቅሳለሁ።

መጦሪያው ከኪራዩ ስለሚከፈል ላይኛው ቤት ባዶ ሊቆይ አይችልም። መጋቢት ላይ ተከራየ። የያዙት ጸጥ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ዘመዶቻችን ስላልሆኑ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ባለፈው እሑድ ካዝ እኔ ጋ መጥቶ አዲሱ ኮርኒሴ ሥር ተቀምጦ ቢራ ይዟል፤ ይይዘዋል እንጂ አይጠጣውም። ከላይ የሩጫ ድምፅ ተሰማ፣ ቀላል፣ ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ክፍል።

ካዝ ቀና አለ።

«ልጅ አላቸው እንዴ?»

«አንዲት ሴት ልጅ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

ልዋሽለት አሰብኩ፤ መዋሸት ግን አላውቅበትም። «ሰባት» አልኩት።

ውጭ በረዶው ገና አላቆመም። እግሮቹ ላያችን ላይ ሮጡ፣ ቆሙ፣ እንደገና ሮጡ። ካዝ እስኪያርፉ ድረስ ኮርኒሱን እያየ ቆየ።

«ሙቀቱ ይበቃቸዋል?» አለኝ።

«ይበቃቸዋል» አልኩት።